ሰውነት ዝሎ ዓይን ሲፈጥ፦ ከከባድ ስፖርት በኋላ የሚመጣ የእንቅልፍና የህልም ችግር

«ስፖርት ሥራ፣ እንቅልፍህ ይስተካከላል» ያላለን ሰው የለም። እውነት ነው። አዘውትሮ የሚሠራ ሰው በአብዛኛው ቶሎ ይተኛል፣ እንቅልፉም ጠለቅ ይላል። ነፍስ እስኪወጣ የተሠራበት ዕለት ማታ ግን ነገሩ ይለያል። ጡንቻው ዝሏል፣ ነርቩ ግን ገና ሩጫ ላይ ነው። ስለዚህ ስፖርቱን እርግፍ አድርጋችሁ ከመተዋችሁ በፊት ምልክታችሁን እዚህ ፈልጉት።

ችግር 1፦ ደክሞኛል፣ እንቅልፍ ግን በዓይኔ አልዞር አለ

እኔም ቀምሼዋለሁ። አንድ ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ፈጣን ሩጫ ጨርሼ 4 ሰዓት ሲሆን አልጋ ውስጥ ገባሁ። 6 ሰዓት ላይ ጣራው ላይ እንዳፈጠጥኩ ነበርኩ። ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ የልቤን ምት ቆጠርኩ፤ በደቂቃ 84። ሌላ ቀን በዚያ ሰዓት 60 አይሞላም። እግሬ እንደ ድንጋይ ከብዷል፣ ልቤ ግን ትራሱ ውስጥ ድው ድው ይላል።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንዱ ሙቀት ነው። እንቅልፍ ሊወስደን ሲል የሰውነታችን የውስጥ ሙቀት ዝቅ ማለት አለበት። ከባድ ስፖርት ደግሞ ሽቅብ ይሰቅለዋል፤ እስኪወርድ ጊዜ ይፈልጋል። ሌላው አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉት አነቃቂ ሆርሞኖች ናቸው። በኃይል ስንሠራ ሰውነት «ንቃ» የሚል ትዕዛዝ ይደርሰዋል፤ ጫማችንን ስላወለቅን ብቻ ትዕዛዙ አይሻርም።

መፍትሄው የምሽት ስፖርትን ጨርሶ መተው አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ የምሽት ስፖርት በጥቅሉ እንቅልፍ እንደማይጎዳ አሳይቷል። እንቅልፍ ሊያበላሽ የሚችለው ከመኝታ በፊት ባለው 1 ሰዓት ውስጥ የሚያልቅ ከባድ ስፖርት ነው። እኔ ግን 1 ሰዓት አይበቃም ባይ ነኝ። ለመካከለኛው 2 ሰዓት፣ እስትንፋስ ለሚያሳጣው ደግሞ 4 ሰዓት ያህል ክፍተት ስጡ።

ስትጨርሱ በአንዴ አትቁሙ። 10 ደቂቃ ቀስ ብላችሁ ተራመዱና ሰውነታችሁን አፍታቱ። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ታጠቡ። ሙቀት ለማውረድ ለብ ያለ ውሃ መባሉ ግራ ያጋባል፤ ነገር ግን ደም ወደ ቆዳ ስለሚመጣ የውስጡ ሙቀት በዚያ በኩል ይወጣል። በረዶ የመሰለ ውሃ ግን ጭራሽ ያነቃል።

ከስፖርት በፊት የሚጠጣ የኃይል ዱቄት ካላችሁ ደግሞ ጣሳውን አዙሩና የካፌይኑን መጠን አንብቡ። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ 200 ሚሊግራም የጠጣ ሰው፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ 100 ሚሊግራም ይዞ ነው የሚተኛው። ለዚህ የልብ ድለቃ ሩጫውን መውቀስ አይገባም።

ችግር 2፦ ህልሙ በዛ፣ ሌሊቱን ስቃዥ አደርኩ

ሩጫ ተጀምሯል፣ እግር አልነሳ ይላል፣ ጫማው ጠፍቷል። ጠዋት ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ይታወሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ደማቅ ህልም የሚበዛው ሬም በሚባለው የእንቅልፍ ክፍል ነው፤ ዓይን በሽፋሽፍቱ ሥር ወዲያ ወዲህ የሚልበት ማለት ነው። ይህ ክፍል በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተገለጸው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። እንቅልፍ በየ90 ደቂቃው ገደማ ዙር እየሠራ ይሄዳል። ጥልቁ እንቅልፍ መጀመሪያ ላይ፣ ሬም ደግሞ ወደ ንጋት ይበዛል። ከባድ ስፖርት እንዲያውም ሬምን ትንሽ ያዘገየዋል፣ ትንሽም ያሳጥረዋል። ታዲያ ህልሙ ከየት መጣ?

ነገሩ ከመንቃት ነው። ህልም የሚታወሰው በመሃሉ ወይም እንዳለቀ ስንነቃ ነው። ጎን ስትቀይሩ በስፖርቱ የታመመው ጭን ያነቃችኋል፤ ቀጥሎ ጥማት፣ ቀጥሎ ሽንት። ህልሙ ስለበዛ ሳይሆን እናንተ ደጋግማችሁ ስለነቃችሁ ነው የተያዘው። ሁለተኛም ነገር አለ። በየቀኑ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ የሚሮጥ ሰው ሬም የሚበዛበትን የመጨረሻውን ሰዓት ይቆርጠዋል። በእረፍቱ ቀን ሲተኛ አንጎል ዕዳውን ይሰበስባል፤ ህልሙም ይጎርፋል።

ስለዚህ ህልም ፈቺ ከመፈለግ ስንት ጊዜ እንደነቃችሁ ቁጠሩ። ውሃውን ቀን ላይ ጠጥታችሁ ጨርሱት። በጠዋት የምትነሱ ከሆነ መኝታችሁም ይቅደም።

ዱካክ የሚጫናቸውም አሉ። በሬም ጊዜ ጡንቻ ይታሰራል፤ አእምሮ ቀድሞ ከነቃ ሰውየው ያያል፣ ይሰማል፣ መንቀሳቀስ ግን አይችልም። ያስፈራል እንጂ በሰከንዶች ወይም በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል። የእንቅልፍ እጦት ይጠራዋል፤ በጀርባ መተኛትም ያባብሰዋል። በጎን ተኙ።

ችግር 3፦ 9 ሰዓት ላይ ርሃብ ቀሰቀሰኝ

ከስፖርት በኋላ ያልተበላው እራት ነው። ቀለል ያለ፣ ኃይል ሰጪ ምግብ ብሉ፤ ሆድ ሞልቶ መተኛትም አይሁን። ስኳር ኖሮባችሁ ኢንሱሊን የምትወስዱ ግን ተጠንቀቁ። ስፖርት ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት ላይ የደም ስኳርን ሊጥል ይችላል። ላብ፣ ቅዠትና የጠዋት ራስ ምታት ምልክቶቹ ናቸው። ስኳራችሁን ለኩት፤ የኢንሱሊኑን መጠን ከሐኪም ጋር አስተካክሉ።

ችግር 4፦ ሳምንታት አለፉ፣ እንቅልፍ የለም፣ ጉልበትም የለም

ይሄ የአንድ ማታ ጉዳይ አይደለም። ሰውነት ከሚያገግመው በላይ ተጭኗል። ንጭንጭ ይመጣል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ትናንት ቀላል የነበረው ክብደት አልነሳ ይላል። ጠዋት ከአልጋ ሳትወርዱ የልብ ምታችሁን እየቆጠራችሁ ጻፉ። ከተለመደው በ5 ወይም በ10 ከፍ ብሎ ቀናት ከሰነበተ ስፖርቱን በግማሽ ቀንሱ፣ ወይም ጥቂት ቀን ጨርሶ እረፉ። «ላቤን ሳወጣው ይለቀኛል» ብሎ መጨመር እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው። አርፋችሁም ካልተሻለ ሐኪም ጋ ሂዱ። አጠገባችሁ የሚተኛ ሰው «በህልምህ ትራገጣለህ» ወይም «ስታንኮራፋ እስትንፋስህ ይቆማል» ካላችሁም ስፖርቱን አትውቀሱ፤ እሱም ለሐኪም የሚነገር ነው።