ቃሉን ብቻውን አትተርጉሙ

የትርጉም መተግበሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ ቋንቋውን ራሳችሁ ምረጡለት። በራሱ እንዲለይ ከተዋችሁት፣ በተለይ አንድ ቃል ብቻ ከሰጣችሁት፣ በቀላሉ ይሳሳታል።

“ጊፍት” የሚለውን ቃል ተመልከቱ። በእንግሊዝኛ ስጦታ ነው። በጀርመንኛ መርዝ! በስዊድንኛ ደግሞ መርዝም ያገባም ማለት ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ በሦስቱም አንድ ዓይነት ነው። በጣም የሚገርመኝ ግን ሦስቱም “መስጠት” ከሚል አንድ ሥር መምጣታቸው ነው። ጀርመንኛው ለበሽተኛ ከሚሰጥ መድኃኒት ተነስቶ ቀስ በቀስ መርዝ ላይ ደረሰ።

“ቡሮ” የሚለውም ቃል እንደዚያው ነው፤ በጣልያንኛ ቅቤ፣ በስፔንኛ አህያ።

ስለዚህ ቃሉን ከነዓረፍተ ነገሩ አስገቡት። አጠገቡ ያሉት ቃላት የየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ይጠቁማሉ። የመድኃኒት ወይም የኬሚካል ዕቃ ላይ ያለ ጽሑፍ ከሆነማ በግምት አትለፉት።

አንድ ልጨምር። ጣልያን አገር ቧንቧ ላይ “ሲ” የሚለውን የላቲን ፊደል ካያችሁ እንደ እንግሊዝኛው “ኮልድ” ቀዝቃዛ እንዳይመስላችሁ። “ካልዶ” የሚለው የጣልያንኛ ቃል የመጀመሪያ ፊደል ነው፤ ትርጉሙም ሙቅ። እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ውኃውን ትንሽ ሞክሩት።