ሐይቅ አሲድን እስከ ምን ድረስ ይችለዋል? ሐዋሳ ላይ በአቼቶ ሞክሩት

የአሲድ ዝናብ (የፋብሪካ ጭስ አሲድ ያደረገው ዝናብ) ነገር ሲነሳ ሁሉም «ፒኤቹ ስንት ነው?» ይላል፤ ፒኤች አሲድነትን የሚለካ ቁጥር ነው፣ ከ7 ባነሰ ቁጥር አሲድነቱ ይበረታል። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ዋናው ውሃው አሲድ ሲጨመርበት ስንት ጠብታ ይችላል የሚለው ነው። አውሮፓና አሜሪካ ጭሱ ከቀነሰ በኋላም ብዙ ሐይቆች ቶሎ ያላገገሙበትን ምክንያት ኩሽና ውስጥ ማየት ትችላላችሁ።

ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላውን ቀይ ጥቅል ጎመን፣ አቼቶ፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅና ሁለት ብርጭቆ አዘጋጁ። የጎመኑ ውሃ አሲድ ሲያገኘው ሮዝ፣ የአሲድ ተቃራኒ ሲያገኘው ደግሞ ሰማያዊ ስለሚሆን መለኪያችን እሱ ነው።

መጀመሪያ ዝናቡ። ከጣሪያ የወረደ ውሃ አይሆንም፤ ቆርቆሮው ላይ አቧራና የወፍ ኩስ አለ፣ ሐዋሳ ደግሞ ወፍ አይጠፋባትም። ንጹህ ሳህን ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ አድርጋችሁ ወንበር ላይ አስቀምጡ። መሬት ላይ ከሆነ ጭቃ ይረጭበታል። ሳህኑን በሳሙና ካጠባችሁት ደጋግማችሁ አለቅልቁት፣ አለበለዚያ ውጤቱ ገደል ገባ።

የሐይቁን ውሃ ከፍቅር ሐይቅ ዳርቻ መቅዳት ይቻላል። ግን እግራችሁን አታስገቡ፣ ቢልሃርዚያ አለ። ሃይላንድ በገመድ አስራችሁ ወርውሩና ሳቡት።

ጎመኑን ከትፋችሁ በፈላ ውሃ ዘፍዝፉትና አጥልሉት። የቧንቧ ውሃ ራሱ ቀለሙን ሊቀይረው ስለሚችል በዝናቡ ውሃ ብታፈሉት ይሻላል። ከዚያ በአንዱ ብርጭቆ 50 ሚሊ ሊትር ዝናብ፣ በሌላው 50 ሚሊ ሊትር የሐይቅ ውሃ ቅዱና ለሁለቱም እኩል 5 ሚሊ ሊትር የጎመን ውሃ ጨምሩ። ዝናቡ ወይን ጠጅ እንደሆነ ይቆያል። ንጹህ ዝናብም ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተነሳ ፒኤቹ 5.6 አካባቢ ስለሆነ ትንሽ አሲድነት ቢያሳይ አትደንግጡ። የሐይቁ ግን ሰማያዊ ይሆናል፣ ወደ አረንጓዴም ሊያደላ ይችላል፤ ፒኤቹ ከ8 በላይ ነውና።

አሁን ነጭ ወረቀት ከስር አንጥፉና አቼቶውን ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ቁጠሩ። ዝናቡ በጥቂት ጠብታ ሮዝ ይሆናል። በሐይቁ ብርጭቆ ግን ጠብታው ያረፈበት ቦታ ላይ ትንሽ ሮዝ ደመና ብቅ ትልና ስታማስሉት ድራሿ ይጠፋል። ደግማችሁ ጣሉ፣ አሁንም ትጠፋለች። አሲዱን የሚውጠው ከእሳተ ገሞራ አለት ታጥቦ የገባው ባይካርቦኔት (ቤኪንግ ሶዳ ውስጥ ያለው ዓይነት) ነው፤ ሐይቁ በወንዝ የሚፈስበት መውጫ ስለሌለው ውሃው ሲተን ባይካርቦኔቱ እየተጠራቀመ ሄዷል። የስካንዲኔቪያና የኒውዮርኩ አዲሮንዳክ ተራሮች ሐይቆች ብዙዎቹ እንዲህ አልታደሉም፤ አለታቸው ጠንካራ፣ አፈራቸው ስስ ስለሆነ አሲድ የሚውጥ ነገር ብዙም አያገኙም።

ሮዝ እስኪሆን ቀጥሉና አቁሙ። ፋብሪካው ጭሱን ቀነሰ በሉት። ብርጭቆው ወደ ሰማያዊ ይመለሳል? አይመለስም። በርካታ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1979 ጄኔቫ ላይ ተስማምተው፣ በ1985 ሄልሲንኪ ላይ የሰልፈር ጭስ 30 በመቶ እንዲቀንስ ከፈረሙ፣ አሜሪካም በ1990 ሕጓን ካጠበቀች በኋላ የሆነው ይኸው ነው። በዝናቡ ውስጥ ያለው ሰልፌት (ከሰልፈር ጭስ የሚመጣው) ቀነሰ፣ ነገር ግን አፈሩ አሲድ የሚያከሽፍለትን ካልሲየም ለዓመታት ተዘርፎ ስለነበርና የተከማቸውንም ሰልፈር ቀስ በቀስ ስለሚለቅ ውሃው ወደ ቦታው ለመመለስ አሥርተ ዓመታት ፈጀበት፤ ያልተመለሰም አለ።

ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ (ቤኪንግ ፓውደር አይሆንም፣ በውስጡ አሲድ አለው)። ቀለሙ ወዲያው ይመለሳል። ስዊድን ሐይቆቿ ላይ የኖራ ድንጋይ ዱቄት በጀልባና በሄሊኮፕተር የምትበትነው ለዚህ ነው። ቀለሙ ተመለሰ ማለት ግን ዓሣው ተመለሰ ማለት አይደለም፤ አሲዱ ከአፈር ያወጣው አሉሚኒየም የዓሣውን ስንጥብ ይጎዳል፣ ዓሣው የሚበላቸው ነፍሳትና ቀንድ አውጣዎችም መጀመሪያ መመለስ አለባቸው።

ኖራ ለሐዋሳ ሐይቅም ይበጃል የሚል ካጋጠማችሁ ብርጭቆውን አሳዩት። የዚህ ሐይቅ ጣጣ አሲድ ሳይሆን ደለል፣ ማዳበሪያና ፍሳሽ ነው። ወደ ሐይቁ ከሚገባው ከጥቁር ውሃ ወንዝም ቅዱና በተመሳሳይ መጠን ጠብታውን ቁጠሩ፤ ወንዙና ሐይቁ ምን ያህል እንደሚለያዩ እዚያው ታያላችሁ።