ከደሴና ከኮምቦልቻ ወጥታችሁ አሜሪካ ነርሲንግ ለመግባት ላሰባችሁ

ባለፈው ክረምት ደሴ ነበርኩ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እናቴ ቤት፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ውጭ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል። ሦስት ልጆች መጡ። ሁለቱ የሰፈራችን ናቸው፣ አንዷ ከኮምቦልቻ ናት። ሦስቱም አሜሪካ ለመሄድ ቀን የሚቆጥሩ ናቸው። አንደኛው ገና ሳይቀመጥ፣ «እትዬ፣ ነርሲንግ ስንት ዓመት ነው?» አለኝ።

«ሁለት ዓመት» አልኩት። ፊቱ በራ። «በሩ ጋ ለመድረስ ግን ሌላ ሁለት ዓመት ያዝ» ስለው ስኒውን ቁጭ አደረገ።

ያን ቀን ያወራነውን ነው እዚህ የምጽፈው። ሜሪላንድ በነርስነት ስሠራ ዓመታት ሆኖኛል። ከወሎ የመጡ ልጆች ሲደውሉልኝ የሚጠይቁኝም ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ሀገር ቤት ነርሲንግ ተመርቃችሁ ከሆነ እንደ ጀማሪ ኮሌጅ አትመዝገቡ። የምትኖሩበትን ስቴት የነርሲንግ ቦርድ ጠይቁ። ትምህርታችሁ ተገምግሞ ካሟላ፣ ቀጥታ ኤንክሌክስ የሚባለውን የፈቃድ ፈተና መውሰድ ትችላላችሁ። ይህን ሳያውቁ ከሀ የጀመሩ ነርሶች አሉ፤ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሌሎቻችሁ ብዙ ጊዜ የምትጀምሩት ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም ከሁለት ዓመቱ የሕዝብ ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ ተቀበላችሁ ማለት ግን ነርሲንግ ገባችሁ ማለት አይደለም። መሃል ላይ ፕሪሪኩዚት የሚባሉ፣ ቀድመው ማለቅ ያለባቸው ክላሶች አሉ፦ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ሳይኮሎጂ፣ ብዙ ቦታ ስታቲስቲክስ፣ አንዳንድ ቦታ ኬሚስትሪ። ብዙ ሰው እንደ ወረፋ ነው የሚያያቸው። «እነሱን ልገላገልና ዋናው ይጀምር» ይላል። ውድድሩ ግን እነሱው ናቸው። ብዙ ፕሮግራሞች አመልካቹን በነጥብ ይደረድራሉ፤ ነጥቡ በአብዛኛው የሚመጣው ከእነዚህ ክላሶች ውጤትና ከመግቢያ ፈተናው ነው። ማስታወቂያው ላይ ዝቅተኛው «ሲ» ነው ተብሎ ይጻፋል። በ«ሲ» ማመልከት ይቻላል፤ መግባት ሌላ ነገር ነው።

እኔን የጎዳኝ ችኮላ ነው። አናቶሚ አንድንና ኬሚስትሪን በአንድ ሴሚስተር ያዝኩ። ሌሊት ነርሲንግ ሆም፣ ማለትም የአረጋውያን መጦሪያ፣ እሠራለሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ከሥራ እወጣለሁ፣ ሦስት ሰዓት ላቦራቶሪ እገባለሁ። የላቦራቶሪ ፈተናው እንዲህ ነው፦ ጠረጴዛ ላይ አጥንቶች ተደርድረዋል፣ በያንዳንዱ ላይ ቁጥር ያለበት ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል። አንድ ደቂቃ ያህል ቆማችሁ ስሙን ጽፋችሁ ወደሚቀጥለው ታልፋላችሁ። የክንድ ሁለቱ አጥንቶች፣ ራዲየስና አልና፣ ፊቴ ተቀምጠው የትኛው የትኛው እንደሆነ ጠፋኝ። ሌሊቱን ሙሉ የሰው ክንድ ደግፌ ሳለብስ ነው ያደርኩት። ያን ሴሚስተር «ሲ» አገኘሁ፣ ክላሱን ደገምኩት፣ አንድ ዓመት ወደኋላ ቀረሁ። የኮሌጁ አማካሪ፣ አድቫይዘሯ፣ ሁለቱን ክላሶች አንድ ላይ መውሰድ ይቻላል ብላኝ ነበር። ሌሊት እንደምሠራ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳት። እናንተ ንገሯቸው።

መድገም ሁልጊዜ አይቻልም። አንድን የሳይንስ ክላስ ከሁለት ጊዜ በላይ የማይቀበሉ ፕሮግራሞች አሉ። አቋርጦ መውጣትን፣ ማለትም «ደብልዩ»ን፣ እንደ አንድ ሙከራ የሚቆጥሩም አሉ። ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው፦ በአንድ ሴሚስተር አንድ ከባድ ሳይንስና አንድ ቀለል ያለ ክላስ። ዘመድ «እስካሁን አልጨረስሽም?» ይላል። ይበል። ከቤት የሚጠበቀው ገንዘብም ያስጨንቃል፣ አውቀዋለሁ። ብዙ ደብል፣ ማለትም ሁለት ፈረቃ አከታትሎ፣ ሠርቶ ብዙ መላክ ደስ ይላል፤ ግን አንድ «ሲ» የሚያስከፍለው ዓመት ከዚያ ይበልጣል። ለቤተሰብ ይህን ከመሄዳችሁ በፊት፣ ቡና ላይ ቁጭ ብላችሁ አስረዱ።

ቀስ ማለት ማለት ግን ያለ ቅደም ተከተል መሄድ አይደለም። አናቶሚ ሁለት ያለ አንድ አይወሰድም፤ ብዙ ቦታ ከእነሱ በፊት ባዮሎጂ ይጠየቃል። ይህን ሰንሰለት ማሳጠር ስለማይቻል መጀመሪያ እሱን ጀምሩ። ሳይኮሎጂ ሰንሰለት ስለሌለው መጨረሻ ላይ ቢቀር አይጎዳም። ብዙ ፕሮግራም አንድ ሁለት ክላስ እየወሰዳችሁ እንድታመለክቱ ይፈቅዳል፤ ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት ማለቃቸው ነው ግዴታው። ማመልከቻው የሚዘጋበትን ቀን ያዙና ወደኋላ ቁጠሩ። ያ ቀን ሲደርስ የሳይንሶቹ ውጤት ትራንስክሪፕት ላይ ወጥቶ ይታይ። ሳይንስ ክላስ አምስት ወይም ሰባት ዓመት ካለፈው የማይቀበሉ ፕሮግራሞች ስላሉ በጣም አታራዝሙት።

እንግሊዝኛ ለሚያስፈራችሁ አብሽሩ። የአናቶሚ ቃላት ብዙዎቹ የላቲንና የግሪክ ናቸው። እዚያ የተወለደው ልጅም እንደ እናንተ ከዜሮ ነው የሚያጠናቸው። እኔ በካርድ ነው ያጠናሁት፤ በአንድ ገጽ ስፕሊን፣ በጀርባው ጣፊያ፤ በአንድ ገጽ ፓንክሪያስ፣ በጀርባው ቆሽት። በበዓል ሲታረድ አጠገብ ቆሞ ያደገ የወሎ ልጅ ጣፊያና ጉበትን በዓይኑ ለይቶ ያውቃል፤ የቀረው ስሙ ነው። የሚከብደን ይልቅ የሳይኮሎጂ ጽሑፍ ነው። ለሱ የኮሌጁ የጽሑፍ ማዕከል በነፃ ይረዳል።

የመግቢያ ፈተናው ብዙ ቦታ ቲስ ነው። ንባብ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ፤ 170 ጥያቄ በ209 ደቂቃ። ሒሳቡ ከሀገር ቤት ሁለተኛ ደረጃ አይከብድም። ጊዜው ነው የሚያልቀው። አናቶሚ ሁለትን እንደጨረሳችሁ፣ ሳይንሱ ሳይረሳ ተቀመጡ።

ስለ ገንዘብ። ግሪን ካርድ ካላችሁ ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት የትምህርት ድጎማ ማመልከቻ ሙሉ። ፔል የሚባለው ድጎማ አይመለስም፤ በ2025–26 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው። ከወሎ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ከሌላ ቦታ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ግን ፔል አያገኝም። ዲግሪውን መደበቅ ደግሞ ማጭበርበር ነው፣ አታድርጉት። ዲግሪ ላላቸው ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል የሚፈጅ የተፋጠነ የነርሲንግ ዲግሪ አለ። ሥራ ሲታሰብ ሲኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳትነት፣ ጥሩ ነው፤ የፌዴራሉ ዝቅተኛ ሥልጠና 75 ሰዓት ነው፣ ብዙ ስቴት ከዚያ በላይ ይጠይቃል። አንዳንድ ፕሮግራም ለሲኤንኤ ነጥብ ይሰጣል።

ፕሪሪኩዚት ሳያስፈልግ ቶሎ እናስጨርሳችሁ የሚል ትምህርት ቤት ሲመጣ ሩጡ። እ.ኤ.አ. ጥር 2023 የአሜሪካ መንግሥት፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ያሉ ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ የነርሲንግ ዲፕሎማ መሸጣቸውን አጋልጧል። ትምህርት ቤቱ በስቴቱ ቦርድ መጽደቁንና ተማሪዎቹ ኤንክሌክስን ምን ያህል እንደሚያልፉ ቦርዱ ጋ ማየት ይቻላል።

አሁን ወደ ደሴ ልመለስ፣ ምክንያቱም ግማሹ ሥራ እዚያው ነው። ትራንስክሪፕታችሁን ትምህርት ቤቱ ራሱ አሽጎ፣ እሽጉ ላይ ማኅተም አድርጎ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ከአንድ በላይ ያዙ፣ ፖስታውን አትክፈቱ። አሜሪካ የውጭ ትምህርትን የሚገመግመው ድርጅት በቀጥታ ይላክልኝ ካለ የሚያስልክላችሁ ሰው እዚያው ተዉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እናቴ ቤቱን ዘግታ ወጣች። ስትመለስ የእህቴ ዋና ሰነድ አልነበረም። ፎቶ አንስታችሁ ኢሜይላችሁ ላይ አስቀምጡ።

የክትባት ካርድም ፈልጉ። ፕሮግራሙ ሲቀበላችሁ ሆስፒታል ከመግባታችሁ በፊት የክትባት ማስረጃ ይጠየቃል፤ ከሌለ በደም ምርመራ ይታያል። በልጅነታችን ቢሲጂ የሚባለውን የቲቢ ክትባት ስለተወጋን፣ ክንድ ላይ የሚደረገው የቲቢ ምርመራ ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። አትደንግጡ፣ በደም የሚደረገውን ጠይቁ።

የኮምቦልቻዋ ልጅ ይህን ስትሰማ፣ «የኔን እማዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው ያስቀመጠችው» አለች። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ቤቷ እንደደረሰች ፎቶውን ላከችልኝ። የካርዱ ጠርዝ ተቀዷል፤ የቢሲጂው ቀን ግን ይነበባል።