ለትምህርት ወደ ስኮትላንድ የሚሄድ ሰው ጆሮውን እንዴት ያለማምድ?

በአይኤልትስ የማዳመጥ ፈተና ጥሩ ነጥብ ያመጣ ተማሪ ግላስጎው ሲገባ የአውቶቡስ ሾፌሩ ያለው ሁሉ ሊያመልጠው ይችላል። ምክንያቱ የእንግሊዝኛ ማነስ አይደለም። እዚያ መንገድ ላይ የሚሰማው ንግግር ሁለት ነገር የተቀየጠበት ነው፦ በስኮትላንድ ቅላጼ የሚነገር መደበኛ እንግሊዝኛ፣ እና ስኮትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ የቅርብ ዘመድ። ተናጋሪው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመላለሰ ያወራል። ስኮትስ የተበላሸ እንግሊዝኛ አይደለም፤ የቆየ ሥነ ጽሑፍና የራሱ መዝገበ ቃላት አለው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የሕዝብ ቆጠራም ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንናገረዋለን ብለዋል። ጌሊክ ደግሞ ጨርሶ ሌላ ቋንቋ ስለሆነ ለዚህ ዝግጅት አያስፈልግም።

ብዙ ሰው የሚጀምረው በመታሰቢያ ኩባያዎች ላይ ከሚታተሙት ቃላት ነው፦ ድሪኽ (ጭፍግግ ያለ ቀን)፣ ግሌኪት (ፈዛዛ)፣ ስከነርድ (ምርር ያለው)። ደስ ይላሉ፤ ግን ተማሪን የሚያሰናክሉት እነሱ አይደሉም። ሰምታችሁት የማታውቁትን ቃል ትጠይቃላችሁ። አደገኛው የምታውቁት የሚመስላችሁ ቃል ስለሆነ ከዚያ ጀምሩ።

የምታውቋቸው የሚመስሉ ቃላት

«ዌር ዱ ዩ ስቴይ?» ከተባላችሁ ሆቴላችሁን አይደለም የጠየቋችሁ፤ የት ትኖራላችሁ ማለታቸው ነው። «ሃው?» በተለይ ግላስጎው ውስጥ ብዙ ጊዜ «ለምን?» ማለት ነው፤ «ሃው ኖ?» ደግሞ «ለምን አይሆንም?»። አንድን ነገር እንዴት እንደሠራችሁ ማስረዳት ከጀመራችሁ ሰውየው ግራ ይጋባል። «ማይንድ» ማስታወስ ነው፤ «ዱ ዩ ማይንድ ሂም?» ያለ ሰው ትዝ ይላችኋል ወይ እያለ ነው እንጂ ይረብሻችኋል ወይ አላለም። ከሁሉም የሚያሳስተው «አይ ዳውት» ነው። በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ መጠራጠር ነው፤ በስኮትስ ግን «ይመስለኛል፣ እፈራለሁ» ይሆናል። «አይ ዳውት ኢትል ሬይን» ያለ ሰው ዝናብ እየጠበቀ ነውና ጃንጥላ ያዙ።

ጊዜ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ዘ ሞርን» ጠዋት ሳይሆን ነገ ነው። «ዘ ናው» (ወይም «ዘ ኑ») አሁን፣ «ዘ ዴይ» ዛሬ። «ዘ ባክ ኦፍ ናይን» ማለት ልክ ዘጠኝ ካለፈ በኋላ ነው፤ «ሃፍ ሲክስ» ደግሞ ስድስት ተኩል። ይህ ሁሉ በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ወደ እኛ አቆጣጠር በልባችሁ ለመመለስ አትሞክሩ፤ ስልካችሁን ገና ከሀገር ሳትወጡ በእነሱ አቆጣጠር አድርጉትና ልመዱ።

ቤትና ምግብ ላይ፦ «ሜሰጅስ» የቤት አስቤዛ፣ «ፒስ» ሳንድዊች፣ «ጁስ» ብዙ ጊዜ ለስላሳ መጠጥ ነው። ለ«ቲ» ከተጋበዛችሁ ሻይ ብቻ መስሏችሁ በልታችሁ አትሂዱ፤ የማታ ምግብ ሊሆን ይችላል። «ፕሬስ» የግድግዳ ቁም ሣጥን ነው። «ክሎስ» በግላስጎው የአሮጌ አፓርታማዎች የጋራ መግቢያና ደረጃ ሲሆን ኤድንብራ ላይ «ስቴር» ይሉታል፤ ጎረቤት ስለ ክሎሱ ካነሳባችሁ የጽዳት ተራው የእናንተ ሊሆን ይችላል። «ፋክተር» ሕንፃውን የሚያስተዳድረው ድርጅት ነው። ክሊኒክ ውስጥ «ጃግ» መርፌ ነው።

«አውትዊዝ» ግን ከእነዚህ ይለያል። «ከ… ውጭ» ማለት ሲሆን በዩኒቨርሲቲ ደብዳቤና ደንብ ላይ ሳይቀር ይጻፋል፤ «አውትዊዝ ኦፊስ አወርስ» ከሥራ ሰዓት ውጭ ነው። ሌላው የብሪታንያ ክፍል እምብዛም የማያውቀው፣ ስኮትላንድ ግን በመደበኛ ጽሑፍ የምትጠቀምበት ቃል ስለሆነ በድርሰታችሁም ብትጽፉት አይነቀፍም።

ለአማርኛ ተናጋሪ የተለየ ወጥመድ አለ። በስኮትስ «አዎ» የሚባለው «አይ» ነው። ሰው «አይ፣ አይ» እያለ ሲመልስላችሁ ጆሯችሁ እምቢታ ይሰማል፤ እናንተም ሳታስቡት «አይ» ብትሉ እሺ እንዳላችሁ ይቆጠራል። ፊትን አይታችሁ አትገምቱ፤ ለእምቢታ ሁልጊዜ «ኖ» በሉ። አንድ ልዩነት ብቻ አለ፦ ድምፅ ተጎትቶ «አይ፣ ራይት» ከተባለ «አላምንህም» ማለት ነው።

ድምፅና አፍራሽ

በአንድ ጊዜ ብዙ የሚከፍተው ቁልፍ የአፍራሹ ነው። ግስ ላይ «ኔ» (በምዕራብ «ኒ») ከተለጠፈ ነገሩ ተክዷል፦ ካኔ (አልችልም)፣ ዲኔ (አላደርግም ወይም አታድርግ)፣ ዲድኔ (አላደረግሁም)፣ ኢዝኔ (አይደለም)። በፈጣን ንግግር ይህች ጭራ ትዋጣለች፤ ካመለጠች ትርጉሙ ይገለበጣል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ሌላ ቃል ሳትጨምሩ እነዚህን ብቻ አድምጡ።

ቀጥሎ የአናባቢ ለውጦች። «አው» ወደ «ኡ» ይዞራል፦ ሃውስ ሁስ፣ ዳውን ዱን፣ አውት ኡት ይሆናል። ሆም ሄም ይሆናል፤ ሄድ (ራስ) ደግሞ ሂድ ይባላል፤ ማንም እያባረራችሁ አይደለም። ከ«ኦ» በኋላ የምትመጣው «ል» ትጠፋለች፦ ኦል ኦ፣ ቦል ቦ። ግላስጎው ላይ በቃል መሀል ያለችው «ት» በጉሮሮ ትያዛለች፣ «ሰዓት» ስንል መሀሉ ላይ እንደምንይዘው። «ሎኽ» (ሐይቅ) ውስጥ ያለችውን «ኽ» ትግርኛ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ያወጣታል።

ከዚያ በላይ ያለው በከተማችሁ ይወሰናል። ኤድንብራና ፋይፍ ውስጥ «ኬን» (ማወቅ) በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይጣላል። ሕፃን በምሥራቅና በሰሜን «ቤርን»፣ በግላስጎው «ዌይን» ነው። አበርዲን ጠንከር ይላል፤ የጥያቄ ቃላት በ«ፍ» ይጀምራሉ፦ ፊት (ምን)፣ ፋር (የት)፣ ፋ (ማን)፣ ፋን (መቼ)። «ፊት ላይክ?» እንዴት ነህ ማለት ሲሆን መልሱ «ኔይ ባድ» ነው። ወደ ግላስጎው የሚሄድ ሰው የአበርዲኑን ቢያጠና ጊዜውን ያባክናል።

የስድስት ሳምንት ልምምድ

በቀን 20 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ይበቃል። አንድ ደቂቃ የሚሆን ድምፅ ምረጡ። መጀመሪያ ያለ ጽሑፍ ስሙ፤ በሁለተኛው የሰማችሁትን ጻፉ፤ በሦስተኛው ከጽሑፉ ጋር አመሳክሩ። ከዚያ 3 ቃል ብቻ አውጡ። በስድስት ሳምንት 90 ቃል ይሆናል፤ ለመነሻ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ቃሉን በካርድ ስታጠኑ ፊት ለፊት የሚቀመጠው ድምፁ ይሁን፤ ስኮትስ አንድ ወጥ አጻጻፍ ስለሌለው በዓይን የተያዘ ቃል ጆሮ ላይ አይገኝም። ማሽን የሚያወጣውን የግርጌ ጽሑፍ አትመኑ፤ የማያውቀውን ስኮትስ በሚመስለው እንግሊዝኛ ይተካዋል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ የሚደረገውን የስኮትላንድ ፓርላማ የቀዳማዊ ሚኒስትር ጥያቄና መልስ በፓርላማው የኢንተርኔት ቴሌቪዥን ተከታተሉ፤ ቅላጼው አለ፣ ስላንጉ ግን ጥቂት ነው። በሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት የስኮትላንድ አሠልጣኞችና ተጫዋቾች ከጨዋታ በኋላ የሚሰጡትን ቃለ ምልልስ ስሙ፤ የሚሉት ስለሚደጋገም ለመገመት ይመቻል። በመጨረሻዎቹ ሁለት፣ ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ በነፃ ያኖረውን የስኮትስ ጽሑፍና ንግግር ክምችት ክፈቱ፤ ከአራት ሚሊዮን በላይ ቃላት ሲኖሩት የተቀዱ ጭውውቶችም ከነጽሑፋቸው ይገኙበታል። ቃል ለመፈለግ «ዲክሽነሪስ ኦፍ ዘ ስኮትስ ላንግዊጅ» የተባለው ነፃ ድረ ገጽ አለ። ሁለት መዝገበ ቃላት አጣምሮ ስለያዘ የምሳሌውን ዓመት ተመልከቱ፤ እ.ኤ.አ. ከ1700 በፊት ያለው ከሆነ ዛሬ መንገድ ላይ ላትሰሙት ትችላላችሁ።

መናገር ላይ

መስማትን እንጂ ማስመሰልን አትለማመዱ። የተቀዳ ቅላጼ ማሾፍ ይመስላል። «ዊ» (ትንሽ)፣ «ኔይ ቦዘር» (ችግር የለም) እና «ድሪኽ» ከማንም አፍ ያምራሉ። ሴትን «ሄን» ብሎ መጥራት ግን ለአገሬው ሰው ተዉለት፤ እናንተን ከጠሯችሁ ፍቅር ነው፣ ስድብ አይደለም። «ፓል» እንደ ድምፁ ወዳጅነትም ማስፈራሪያም ይሆናል። በሴልቲክና በሬንጀርስ ደጋፊዎች መካከል የሚወረወሩ፣ ሃይማኖት የሚነኩ ቃላትን ደግሞ ለቀልድም አትድገሙ፤ ጠብ ያስነሳሉ፣ በሕግም ሊያስጠይቁ ይችላሉ።

ያልገባችሁን «የስ» ብሎ ማለፍ ከሁሉ የከፋ ልማድ ነው። «ፓርደን?» ብቻ ካላችሁ ያንኑ ጮክ አድርገው ይደግሙታል። «ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ቃሉን ነጥላችሁ ብትጠይቁ ግን በሌላ ቃል ያስረዷችኋል። ከሁሉ የሚከብደው ስልክ ነው፣ አፍ አይታይምና። የሐኪም ወይም የቤት ቀጠሮ ሲያዝ «ሃፍ ሲክስ» ካሏችሁ «ሲክስ ሰርቲ?» ብላችሁ በቁጥር መልሱላቸው፤ ቀኑንና ሰዓቱንም በጽሑፍ መልእክት እንዲልኩላችሁ ጠይቁ።