ከበረሳ ወንዝ ጭቃ ባለ ቀለም ባክቴሪያዎችን በንብርብር ማሳደግ

በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ የሚኖር መምህርም ሆነ ተማሪ፣ ባለ ቀለም ባክቴሪያዎች ማንም ሳያሰልፋቸው እንዴት በንብርብር እንደሚደረደሩ ለማየት ማይክሮስኮፕ አያስፈልገውም፤ ከበረሳ ወንዝ ዳር የተዛቀ ጭቃና ባለ 2 ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ ይበቃዋል። ዘዴው በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ሩሲያዊው የረቂቅ ተሕዋስያን ተመራማሪ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የቀየሰው ነው።

ጭቃው ውኃ ከተኛበት ዳርቻ፣ ጠቆር ካለውና ከሚሸተው ቢወሰድ ይመረጣል። ጠጠሩና ሥራሥሩ ከተለቀመ በኋላ ሲሶው ከአንድ እፍኝ የተቀዳደደ ጋዜጣና ከአንድ የተቀቀለ እንቁላል አስኳል ጋር ተለውሶ ከፕላስቲኩ ሥር ይደረጋል። ወረቀቱ ለባክቴሪያዎቹ ምግብ፣ አስኳሉ ደግሞ የድኝ ምንጭ ነው፤ በአስኳሉ ምትክ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጀሶም ያገለግላል፣ በጾም ወራት ግን እንቁላሉ ሥራ ፈት ስለሚሆን የሚሳሳለት አይኖርም። ቀሪው ጭቃ ከላይ ይጨመርና የታፈነው አየር እንዲወጣ በእንጨት ይነካካል፤ የወንዙ ውኃም ከጭቃው በላይ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪቆም ይጨመራል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ሊኖርበት ስለሚችል አይመከርም። ጋዝ እንዳይታመቅ ክዳኑ ላላ ይደረግ፣ እጅም በሳሙና ይታጠብ።

ፕላስቲኩ ብርሃን በሚያገኝ፣ የቀትር ፀሐይ ግን በቀጥታ በማይመታው መስኮት አጠገብ ከተቀመጠ በኋላ መነካት የለበትም። ከሥር ያሉት ባክቴሪያዎች ወረቀቱን ሲያበሰብሱ ኦክስጅኑ ያልቃል፤ ሌሎች ደግሞ ከድኙ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተውን ጋዝ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድን (ባጭሩ ሰልፋይድ) ያመነጫሉ፣ እርሱም ወደ ላይ ይሰርጋል። ኦክስጅን በበኩሉ ከአየሩና ከላይ ከሚበቅሉት፣ እንደ ዕፅዋት በብርሃን ምግባቸውን ሠርተው ኦክስጅን ከሚያወጡት ሳይኖባክቴሪያዎች ወደ ታች ይወርዳል። በእነዚህ ሁለት ተቃራኒ ፍሰቶች መካከል እያንዳንዱ ዝርያ የሚስማማውን ከፍታ ይይዛል፦ ሰልፋይድ የሚበዛበትንና ብርሃን የሚደበዝዝበትን ሥፍራ አረንጓዴዎቹ የድኝ ባክቴሪያዎች፣ ከእነርሱ በላይ ያለውን ሐምራዊዎቹ፣ አናቱን ደግሞ ሳይኖባክቴሪያና አልጌ። ቀለማቸው ብርሃን የሚይዙበት መሣሪያ ነው፤ የሚይዙት የብርሃን ዓይነት ስለሚለያይም በአንድ ፕላስቲክ ውስጥ ተቻችለው ይኖራሉ። ሐምራዊው ቀለም መጀመሪያ በነጠብጣብ ብቅ ይላል፤ ነጠብጣቦቹ እየሰፉ ሲገጣጠሙ ፕላስቲኩን እንደ መቀነት ይዞሩታል።

ብረት ሰልፋይድ የሚፈጥረው ጥቁረት ቀድሞ ይታያል፣ ቀለማቱ ግን ሳምንታት ይፈጃሉ፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው ደብረ ብርሃን ብርዱ ዕድገቱን ስለሚያዘገየው ከጀማ ሸለቆ ቆላ ይልቅ እዚህ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው፣ በእኔ ግምት፣ የፕላስቲኩን አንድ ጎን ገና ከመነሻው በጥቁር ወረቀት መሸፈን ነው፤ ወረቀቱ ሲነሣ ሰልፋይዱ ያው ሆኖ ሳለ ብርሃን በተነፈገው ጎን አረንጓዴውም ሐምራዊውም መቀነት እንደሌለ ይታያል።