የመኪና ፊውዚብል ሊንክ ሲቃጠል እንዴት ይፈተሻል፣ እንዴትስ ይቀየራል?

ከቃሊቲ ወጣ ብሎ አስፋልቱ አልቆ ፒስታ በሚጀምርበት ሰፈር መኪና የሚነዳ ሰው ይህን ቢያውቅ አይጎዳም። በእንዲህ ያለ መንገድ ሽቦው ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ይውላል። ከሻንሲው ጋር እየተፋተገ ሽፋኑ ይላጥና መዳቡ ብረት ይነካል። ኮንታክት ተፈጠረ ማለት ነው። ያኔ 12 ቮልት ባትሪ በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ይለቃል። ሽቦው ይግላል፣ ሽፋኑም ሊቀጣጠል ይችላል።

ፊውዚብል ሊንክ የተሠራው ለዚህ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ የሚገኝ አጭር ሽቦ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ23 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ሆን ተብሎ ከሚጠብቀው ሽቦ ይቀጥናል። ለ5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ 2 ሚሊ ሜትር ካሬ አካባቢ የሆነ ሊንክ ይገባለታል። ስለዚህ ቀድሞ የሚቀልጠው እሱ ነው። ሽፋኑም እሳት እንዳይዝ ተደርጎ የተሠራ ነው። በአዳዲስ መኪኖች ላይ ደግሞ 80 ወይም 100 አምፒር የተጻፈበት ትንሽ ሳጥን መስሎ ይመጣል። ከባትሪ ወደ ሞተሪኖ (ሞተሩን ወደሚያስነሳው) የሚሄደው ወፍራም ገመድ ግን ብዙ ጊዜ ይህ ጥበቃ የለውም፤ እሱን በዓይን እያዩ መከታተል ነው።

መኪናው ድንገት ጭጭ ካለ፣ ባትሪው ደህና ሆኖ ዳሽቦርዱ ካልበራ፣ ሊንኩን ይጠርጥሩ። በተለይ ከሌላ መኪና ባትሪ ጋር አያይዘው ሲያስነሱ ቀዩና ጥቁሩ ተገለባብጦ ከነበረ የተቃጠለው እሱ ለመሆኑ ብዙም አይጠራጠሩ።

መጀመሪያ የቴስተሩን (ቮልትና ኦም የሚለካውን መሣሪያ) ጥቁር ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ያገናኙ። በቀዩ የሊንኩን ሁለት ጫፎች በየተራ ይንኩ። ባንዱ በኩል 12.6 ቮልት አካባቢ፣ በሌላው ዜሮ ካሳየ ተቃጥሏል። ከዚያ ኔጌቲቩን ይፍቱ። ኔጌቲቭ ሁልጊዜ ቀድሞ ይፈታል፣ መጨረሻ ላይ ይታሰራል። አሁን ሽቦውን በሁለት ጣት ይዘው ቀስ ብለው ሳብ ያድርጉት። እንደ ላስቲክ ከተለጠጠ ውስጡ ያለው መዳብ ተበጥሷል። ሽፋኑ አብጦም ሊያገኙት ይችላሉ።

ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። «ዳይሬክት አድርገው» ይባልና ተራ ሽቦ ይገባል። መኪናው ይነሳል፣ ሒሳብ ይከፈላል። ኮንታክቱ ግን የነበረበት አለ፤ አሁን የሚቃጠለው ሊንኩ ሳይሆን ዋናው ሽቦ ነው። በኔ እምነት ይህ ጥገና አይባልም።

ስለዚህ መንስኤውን ይፈልጉ። ኔጌቲቩ እንደተፈታ፣ ቁልፉ ጠፍቶ፣ በሮቹም ተዘግተው (በር ከተከፈተ የውስጥ መብራቱ መስመር ንባቡን ያሳስታል) ቴስተሩን ኦም ላይ ያድርጉት። አንዱን ጫፍ ባትሪ ባለበት ሳይሆን በወዲያኛው የሊንኩ ጫፍ፣ ሌላውን ሻንሲው ላይ ያሳርፉ። ዜሮ አካባቢ ካነበበ ኮንታክቱ አሁንም አለ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ። ቁጥሩ ከፍ ያለበት ፊውዝ የሚሄድበት መስመር ነው ጥፋተኛው። ሁሉም ተነቅለው ዜሮ ካለ ችግሩ ከሊንኩ እስከ ፊውዝ ሳጥኑ ወይም ዲናሞው ባለው መሐል ነው። አይጥ የበላው፣ ከብረት ጠርዝ ጋር የሚፋተግ፣ ለቴፕና ለተጨማሪ መብራት የተቀጠለ ሽቦ ካለ መጀመሪያ እሱን ይዩ።

አዲሱን ሶማሌ ተራ ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። ውፍረቱ፣ ርዝመቱና አምፒሩ አንድ ይሁን፤ «ትንሽ ወፈር ያለ ይሻላል» የሚልዎትን አይስሙ። ሳጥን መሳዩ በብሎን የታሰረ ከሆነ ብሎኑን ሳይፈቱ በፒንሳ አይጎትቱ፣ ይሰበራል። የሽቦውን ዓይነት ደግሞ ጫፎቹን አጥብቀው በስታኞ ብየዳ (በሶልደር) ያያይዙት፤ ከነዳጅ ቱቦም ያርቁት።

ኔጌቲቩን አስረው ሞተሩን ያስነሱ፣ መብራቶቹን ያብሩ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሊንኩን በጣትዎ ጀርባ ነካ ያድርጉት። ለብ ቢል ችግር የለውም። ካፋጀ ግን ሞተሩን አጥፍተው ኔጌቲቩን መልሰው ይፍቱና ወደ ፊውዞቹ ይመለሱ።