ቢሮው ቢዘጋም ማኅበሩ እንዳይዘጋ

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር፣ እኔ ለገሃር አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት ልማት ድርጅት የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበራችን ጸሐፊ ነበርኩ። ሥልጣን እንዳይመስላችሁ። ማኅተም፣ የቃለ ጉባኤ መዝገብና ሲከፈት የሚጮህ መሳቢያ ነው። አሁን ተራው የሌሎች ነው። አዲስ የተመረጡት ልጆች «እትዬ፣ ያኔ እንዴት ሠራችሁት?» እያሉ ስለሚይዙኝ ልጻፈውና ልረፍ አልኩ።

አስቀድማችሁ በየትኛው ሕግ እንደምትተዳደሩ እወቁ። እኛ የልማት ድርጅት ሠራተኞች የምንዳኘው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው፤ አሥር ሠራተኛ ካለ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ግን ያኔ በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 ሥር ነበር፤ የእኛ ዓይነት ማኅበር አልነበረውም። ሚኒስቴር የምትሠራ ጓደኛዬ «እናንተማ ታድላችሁ» ትለኝ ነበር። መሳቢያውን ስላላየችው ነው።

ከዚያ የአባላትን ስልክ ቁጥር ሰብስቡ። መጋቢት አጋማሽ ላይ የመንግሥት ሠራተኛ ቤቱ ሆኖ ይሥራ ሲባል ግቢያችን በአንዴ ጭር አለ። የሰው ኃይል ክፍል ከሰጠን ስልክ ግማሹ አይሠራም፤ ሰው ሲቀጠር የሞላው ነው። ስለዚህ የእድርን ዘዴ ያዝን፣ ጥሩምባ ነፊው ቀርቶ። አንድ ተወካይ አሥር ሰው ይይዛል፤ በሳምንት ሁለት ቀን ይደውላል። ሰፈሩን፣ የቆየ ሕመም ካለበት፣ አብሮት ማን እንደሚኖር በደብተር ይጽፋል። ደብተሩ ከተወካዩ እጅ አይወጣም። የሰው ሕመም ወሬ አይደለም።

«ቴሌግራም አይበቃም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ከፍተን ነበር። በሁለተኛው ቀን ግሩፑ በነጭ ሽንኩርት፣ በፌጦና በዝንጅብል ማዘዣ ተጥለቀለቀ። የእኛ ማስታወቂያ ከመሃል ጠፋ። ከከፈታችሁ መጻፍ የሚችሉት ሥራ አስፈጻሚዎች ብቻ ይሁኑ። ደግሞ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞቻችን አብዛኞቹ ተራ ስልክ ነው የያዙት። ቤት ያልገቡትም እነሱ ናቸው።

መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ሥራ አስፈጻሚው ደግሞ ሰባት ነው። አራቱ ግቢው ውስጥ ካለው ጽድ ሥር፣ ተራርቀን፣ ሦስቱ በስልክ ሆነን ተሰበሰብን። ስልኩን ባዶ የቡና ስኒ ላይ ደግፈን ድምፁን ከፍ አደረግነው። ቃለ ጉባኤው ላይ «በስልክ የተሳተፉ» ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉ፤ ሲመለሱ ይፈርሙ። እኛ ይህን ዘንግተን በኋላ አንድ ውሳኔ ላይ «እኔ አልነበርኩም» የሚል ተነሣብን።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በአፍ አትጠይቁ። በደብዳቤ፣ በሁለት ኮፒ፣ አንዱን መዝገብ ቤት «ገቢ» ብሎ ቁጥርና ቀን ይስጥበት። ጭንብልና ሳኒታይዘር እንዲሰጠን ሦስት ጊዜ በቃል ጠይቀን መልሱ «ግዥ ላይ ነው» ነበር። አንድ ቀን የንብረት ክፍል ልጅ ቡና ስንጠጣ አመለጠው። ዕቃው በገቢ ደረሰኙ፣ በሞዴል 19 ከገባ ሳምንት አልፎታል፤ በወጪ ደረሰኙ፣ በሞዴል 22 የወጣ ግን የለም። መጋዘን ተቀምጦ ነው እኛ በነጠላ ጫፍ አፋችንን የምንሸፍነው!

በዚያው ቀን ጻፍን። ጩኸት የለበትም። «ገቢ የሆነው የአፍ መሸፈኛ ለየትኛው የሥራ ክፍል፣ ስንት እንደተከፋፈለ በጽሑፍ ይገለጽልን» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከሥሩ አዋጁ አሠሪው የመከላከያ ቁሳቁስ እንዲያቀርብ እንደሚያስገድድ። ግልባጭ ለኦዲት። በማግስቱ ከሰዓት ጥበቃዎቹ ተሰልፈው ይፈርሙ ነበር። «ስጡን» ብለን ቢሆን ኖሮ ገና ግዥ ላይ ነበር።

ታክሲ ግማሽ ሰው ይጫን ሲባል ታሪፉ እጥፍ ሆነ። የሌሊት ጥበቃዎቹ ደመወዝ በመንገድ አለቀ። እኛ የጠየቅነው ገንዘብ አይደለም፤ ቆሞ የነበረው ሰርቪስ በግማሽ ጭኖ ሁለት ዙር ይመላለስ ነው ያልነው። ሹፌሩም መኪናውም አለ፣ እምቢ ለማለት ይከብዳል። ሁሌም አሠሪው እጁ ላይ ያለውን ነገር ጠይቁ።

የሕመም ፈቃዱን በቃላችሁ ያዙት፤ በቀን አምስት ጊዜ ትጠየቃላችሁ። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ፣ ከዚያ ሦስት ወር ያለ ክፍያ። ሰው ደመወዝ ይቆረጥብኛል ብሎ እየሳለ ይመጣል። የመጀመሪያው ወር እንደማይነካ ስትነግሩት ቤቱ ይቀመጣል።

መዋጮው ከደመወዝ ስለሚቆረጥ አይቋረጥም። ችግሩ ማውጣቱ ላይ ነው። ከሦስቱ የባንክ ፈራሚዎቻችን አንዱ ለእናቱ ብሎ ክፍለ ሀገር ወርዶ እዚያው ቀረ። ብራችን ባንክ፣ እኛ ባዶ እጃችንን። ነገሩ ሳይብስ ተለዋጭ ፈራሚ በቃለ ጉባኤ ወስናችሁ፣ ማኅተም አድርጋችሁ ለባንኩ አስገቡ።

ለቅሶንም አስቡበት። አንድ አባላችን ሲያርፍ እንደ ወጉ ድንኳን ሞልተን መቀመጥ አልቻልንም። አራት አራት ሆነን በር ላይ ቆመን ተመለስን። እጅ ሳይጨባበጡ «እግዜር ያጥናችሁ» ማለት እንዴት እንደሚከብድ! ፖስታውን ለታላቅ ልጁ ሰጠሁት። «የአባቴ ጡረታ እንዴት ነው የሚሆነው?» አለኝ፣ እዚያው በር ላይ። ለዚህ ማንንም አልመደብንም ነበር። እናንተ ከአሁኑ መድቡ፤ ፋይል የሚያወጣ፣ ከሰው ኃይል ክፍል የአገልግሎት ማስረጃ የሚያጽፍ፣ ከቤተሰቡ ጋር ፍርድ ቤት የሚመላለስ አንድ ሰው። እኛ ጋ ያን ሥራ የጥበቃ ኃላፊው ወሰደው፤ በሰርቪሱ ሁለተኛ ዙር እየሄደ ጨረሰው።